በሰው ድንጋይ ላይ

እናቴ ሰሞኑን የልጄን የክርስትና ስም በአያቴ የብራና ዳዊት ኅዳግ ላይ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ኅዳጉ ባዶ አይደለም። አያቴ የልጆቻቸውን የልደት ቀን፣ አንድ ቦታ ላይም ለጎረቤት ያዋሱትን በሬ ጽፈውበታል። ብዕሬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ግእዙን በወጉ የማላነብ ሰው በዚያ ገጽ ላይ ምን መብት አለኝ?

እጄን የያዘኝ፣ ነገሩ ያስቅ ይሆናል፣ የስኮትላንድ ድንጋይ ነው።

በአንገስ፣ አበርለምኖ በምትባል መንደር፣ መንገድ ዳር የቆመ ድንጋይ አለ። ፎቶግራፉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከላይ እባብ፣ ቀጥሎ ሁለት የተያያዙ ክቦችና በላያቸው የሚያልፍ የታጠፈ ዘንግ፣ ከታች መስታወትና ማበጠሪያ ተቀርጾበታል። ቀራጮቹ ፒክቶች ናቸው፤ የሮማውያን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ297 ለመጀመሪያ ጊዜ በስም የሚጠራቸው የሰሜን ሰዎች። ታዲያ ወደ ድንጋዩ ግርጌ ዝቅ ብሎ ላየ፣ ሌላ እጅ የፈለፈላቸው ጽዋ መሳይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። እነዚህ ከፒክቶች ከሺህ ዓመታት በፊት የተሠሩ ናቸው። በስተሰሜን ኤደርተን ላይም እንዲሁ ነው። የነሐስ ዘመን ሰዎች ያቆሙት፣ 3 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ የአገሩ ሰው «ሹሉ ድንጋይ» የሚለው አለት ላይ ፒክቶች ሳልመን ዓሣ ቀርጸውበታል።

ለመሆኑ ምን አስበው ነው? ለቀደሙት ክብር ሰጥተው ነው የሚል አለ። እኔ እንኳ ይህን ያህል የዋህ አይደለሁም። «ይህ ምድር ከጥንት የእኛ ነው» ለማለት ከሙት የተሻለ ምስክር የለም፤ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብበትማ! ሆኖም አንድ ነገር አልካድኩም፤ ጽዋዎቹን አልደመሰሷቸውም። ዛሬ የእነርሱም ምልክት የሚያነበው ጠፍቷል። ስም ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የማን ስም እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። እባቡና ጽዋው እኩል ዲዳ ሆነው አንድ ድንጋይ ላይ ይኖራሉ።

ትናንት ማታ ዳዊቱን እንደገና ገለጥኩት። በመጀመሪያው ቅጠል፣ ከአያቴ ስም ሥር፣ ብራናው ሳስቷል። ወደ መብራቱ ሳስጠጋው የሌላ ሰው ስም ቅሪት ታየኝ። በቢላ ተፍቋል። የቀረው «ወ» እና «ል» ብቻ ነው።

እናቴን ማን እንደፋቀው ጠየቅኋት።

«አንተ ደግሞ! ቦታው ሳይሞላ ጻፍ» አለችኝ።