ተረት መካከሉን ከማን ያገኛል?

በላስታ ደጋ፣ እንደ ሌላውም አማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ ተረት የሚጀመርበትና የሚዘጋበት ቃል አስቀድሞ የተሰጠ ነው፤ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆች «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል፣ ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ያሰናብታቸዋል። በሁለቱ መካከል ላለው ሰፊ ቦታ ግን ወግ ያዘጋጀለት ቋሚ ቃል የለም። ስለዚህ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ተረት ጻፍ ሲባል መነሻውን ሳይቸገር ጽፎ፣ «ከብዙ ጊዜ በኋላ» በሚል ሐረግ ተሻግሮ ፍጻሜው ላይ ቢገኝ ሰነፍ ሊባል አይገባም፤ የጻፈው የተረከበውን ነው።

አርስቶትል ስለ ቅኔና ተውኔት ጥበብ በጻፈው ድርሳን መካከልን ሲበይን ከሌላ ነገር ቀጥሎ የሚመጣ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ሌላ የሚመጣ ይለዋል። ብያኔው ባዶ ቢመስልም፣ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መሆኑና በሌላው ምክንያት መሆኑ እጅግ እንደሚለያዩ ከሚያስገነዝበው ከዚያው ድርሳን ሐሳብ ጋር ሲነበብ ክብደቱ ይታያል። የላሊበላ ልጆች ከሕፃንነታቸው የሚሰሙት የቅዱስ ላሊበላ ገድል ለዚህ ማሳያ ይሆናል (ገድል ለምእመናን ተረት አይደለም፤ እዚህ የተነሣው ስለ አተራረኩ ብቻ ነው)። ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ ነግሦም ከአለት አብያተ ክርስቲያናትን ፈለፈለ ቢባል ሁለቱ ነገሮች ተከታተሉ እንጂ አልተያያዙም። ትውፊቱ ግን በመካከል በቅናት የተሰጠውን መርዝ፣ ሦስት ቀን ወደ ሰማይ መነጠቁንና በዚያ ያየውን በምድር እንዲሠራ መታዘዙን ያስገባል፤ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በትረካው ውስጥ ምክንያታቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው።

ሆኖም ምክንያትን ማወቅ ብቻውን አያስጽፍም። በምሽት እሳት ዳር የሚነገር ተረት መካከሉን የሚያገኘው ከተራኪው ብቻ ሳይሆን «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ከሚያዳምጠው ልጅም ጭምር ነው፤ ተራኪው ሊያሳጥር ሲል የሚያስረዝመው፣ የዘለለውንም የሚያስመልሰው ይህ ጥያቄ ነው። ልጁ እርሳስ ይዞ ብቻውን ሲቀመጥ ምናቡ አብሮት አለ፤ የጎደለው አድማጩ ነው። እንግዲህ መካከልን መጻፍ ማስተማር ማለት ከውጭ ይመጣ የነበረውን ጥያቄ ልጁ ራሱን እንዲጠይቅ ማስለመድ ይሆናል፤ ይህም ከቋንቋ ትምህርት የሚሰፋ፣ ሰው በልቡ መከራከር የሚጀምርበት ነገር ነው።

ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽአብራነር እ.ኤ.አ. በ1959 ላሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ርእስ የሆነውን የአንበሳውን ጢም ተረት ማየት ይጠቅማል። በአንዱ አተራረክ የእንጀራ ልጇ ፍቅሯን አልቀበል ያላት ሴት አዋቂ ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ስትለምን የሕያው አንበሳ ጢም አምጪ ትባላለች፤ በየቀኑ ሥጋ እየሰጠች አላምዳው በመጨረሻ ትነቅላለች። መካከሉ ከተዘለለ ጢሙ ከገበያ እንደተገዛ ያህል ይቀላል፣ አዋቂው በትዕግሥት ስለ ማቅረብ የሚነግራትም የሚያርፍበት ያጣል። ስለዚህ መምህሩ በቃል ይጠይቅ፦ በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን የት አኖረችው? አንበሳው ሲበላ እሷ የት ነበረች? በማግሥቱ ስንት ርምጃ ቀረበች? ምን አይታ ቀረበች? ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው፤ ርቀቱ በየቀኑ ማጠሩ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ አንበሳው እሷን አይቶ ሳያገሣ መብላቱን ተመልክታ መቅረቧ ግን ምክንያት ነው።

በዚህ መንገድ የተጠየቀ ልጅ ያልተጠበቀ ነገር ሊጽፍ ይችላል፤ በሁለተኛው ቀን ሥጋውን ጅብ ቀድሞ በላው ቢል፣ ሴትዮዋ ባዶ እጇን ከተራበ አንበሳ ፊት ቆማለች ማለት ነው። ብዙ መምህር እዚህ ላይ ወደ ታወቀው ተረት ሊመልሰው ይቸኩላል፤ ይህ ግን ልጁ ገና ማዳመጥ የጀመረውን የራሱን ጥያቄ ዝም ማሰኘት ነው። መካከሉ በእውነት ምክንያት ከሆነ ፍጻሜውን የመለወጥ ሥልጣን አለው፤ መምህሩ ፍጻሜውን አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ ጽፎት ከሆነም ሊያጠፋው ይገባል።