ርኅራኄ ብቻውን ይበቃልን?



አንድ ሰው በቅን ልብ ተነሥቶ፣ በጎ ለመሥራት ደክሞ፣ ባለማወቁ ግን ሌላውን ቢጎዳ ይጠየቃልን? ወይስ «ኒያዬ መልካም ነበር» ማለቱ ይበቃዋል? ይህን ጥያቄ በመድረሳ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አንሥቼላቸዋለሁ! ክብደቱን ያወቅሁት ግን በራሴ ቤት በደረሰ ጊዜ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በመጨረሻ ዕድሜያቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። እኔም የልጅነት ግዴታዬን ለመወጣት ከአጠገባቸው አልጠፋሁም። ሌሊት ቁርኣን እቀራላቸዋለሁ፤ ምግብ በእጄ አጎርሳቸዋለሁ፤ እንቅልፍ ከወሰዳቸው ደግሞ «አባታችንን አታንገላቱ» እያልኩ ማንም እንዳይነካቸው እከለክላለሁ። እርሳቸውም ዝም ይሉ ነበር፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ዕረፍት ቆጠርኩት። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ ነርስ የሆነች የጎረቤታችን ልጅ ልትጠይቃቸው መጣች። ፈቃድ ጠይቃ ጀርባቸውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ቆዳው ጠቁሮ፣ መሐሉ ተቦርቡሮ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ከመቼ ወዲህ ነው በጀርባቸው ብቻ የተኙት?» አለችኝ። አልተቆጣችኝም፤ አስረዳችኝ እንጂ። ሰውነት በአንድ ጎኑ ተጭኖ ሲቆይ ደም ወደዚያ ሥጋ መድረስ ይሳነዋል፤ ደም ያጣ ሥጋም ይሞታል። ስለዚህ መንቀሳቀስ ያልቻለ ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ፣ አንሶላው ሳይጨማደድ መነጠፍ፣ ገላው ከእርጥበት መጠበቅ አለበት። እኔ ከፍቅር ብዛት «አትንኳቸው» ያልኩት ነገር ነበር ያቆሰላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ሙያ ማወቅ ፈለግሁ። ልጅቱ ነርሶች ሁሉ የሚያውቁትን አንድ ስም ነገረችኝ፤ እኔም ታሪኳን ፈልጌ አነበብኩ። የራሴን ጥያቄ እዚያ ውስጥ አገኘሁት።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ቤተሰብ ተወለደች። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በሐኪም ቤት ሕመምተኛ ማስታመም የተናቀ ሥራ ስለነበር ወላጆቿ ለብዙ ዓመታት ከለከሏት። እርሷ ግን በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቨርት በተባለ ሥፍራ ሄዳ ሠለጠነች። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከዑስማኒያ መንግሥት ጎን ተሰልፈው ሩሲያን በወጉበት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1854 መጨረሻ ላይ፣ 38 ሴቶች አስከትላ ከኢስታንቡል ማዶ ኡስኩዳር ደረሰች። ዑስማኒያዎች ለእንግሊዝ ጦር የለቀቁለት ሰፊ የወታደር ሰፈር በዚያ ሆስፒታል ሆኖ ነበር።

ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል ስትዘዋወር የሚያሳየውን ሥዕል ብዙዎቻችን አይተናል። ምግብ አቀረበች፤ ልብስ አሳጠበች፤ ለሚሞቱት ደብዳቤ ጻፈች። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የማይነግረን ነገር አለ። በዚያ የመጀመሪያ ክረምቷ ሞት አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨመረ። በ1855 በፌብሩዋሪ ወር ከታከሙት ከመቶው 42 ያህሉ ሞቱ። ሕንፃው የተቀመጠው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነበር፤ አየሩም ውኃውም ተበክሎ፣ ሕመምተኛው እርስ በርሱ ተጨናንቆ ነበር። በማርች ወር ከለንደን የተላከ የጤና አጣሪ ቡድን ደርሶ ቦዮቹን አስጠረገ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀባ፣ አየር እንዲዘዋወር አደረገ። በጁን ወር የሞቱ ቁጥር ከመቶው ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ልብ በሉ! የሴቲቱ ርኅራኄ በፌብሩዋሪም በጁንም አንድ ነበር። የተለወጠው ቦዩ ነው።

እርሷ በዚያ ሳለች የሞቱ ዋነኛ ምክንያት የምግብና የዕቃ እጥረት ይመስላት ነበር። በ1856 ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ግን ዊሊያም ፋር ከተባለ የቁጥር ሊቅ ጋር ሆና መዛግብቱን መረመረች። አብዛኞቹ ወታደሮች የሞቱት በጦር ቁስል ሳይሆን መከላከል በሚቻል በሽታ መሆኑ፣ የእርሷም ሆስፒታል ከሁሉ ከከፉት አንዱ እንደነበር ታወቃት። አገር ሁሉ ስሟን በሚያወድስበት ሰዓት ይህን መደበቅ ቀላል ነበር። እርሷ ግን በ1858 ባለሥልጣኖች በአንድ እይታ እንዲረዱት በቀለም በተሠራ ሥዕላዊ መግለጫ አሳተመችው። በ1860 ደግሞ በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በሽታ አምጪ ተህዋስያን ገና በውል ያልታወቁበት ዘመን ስለነበር እርሷም በሽታን ከመጥፎ ሽታ ጋር ታያይዘው ነበር። ሆኖም ቆጥራ፣ አነጻጽራ፣ ስሕተቷን አምና ስለ ተነሣች ወደ ትክክለኛው ሥራ ደረሰች።

ለእኛስ ይህ ነገር እንግዳ ነውን? በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት በቆሰሉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመስጊዳቸው ውስጥ ወደ ነበረው ወደ ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ድንኳን እንዲወሰዱ አዘዙ። ሩፈይዳ ከአላህ አጅር ፈልገው ቁስለኞችን የሚያክሙ ሴት ነበሩ። ቅን ልብማ በዚያን ጊዜ በመዲና ሞልቶ ነበር። ሰዕድን የሚወድ፣ ከጎናቸው ተቀምጦ የሚያድር አልጠፋም። የተላኩት ግን ሥራውን ወደምታውቀው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፊቅህ እንደሚያስተምረን ሳያስብ በስሕተት የጎዳ ሰው ወንጀሉ ይነሣለታል፤ ያጠፋውን የመተካት ዕዳው ግን ይቀርበታል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመም ለጉዳቱ ዷሚን ነው። በጎ ኒያ ከወንጀል ያድን ይሆናል፤ የቆሰለውን ጀርባ ግን አያድንም። ታዲያ ያ ዕዳ እንዴት ይከፈላል? በማልቀስ አይደለም፤ «አላወቅሁም ነበር» በማለትም አይደለም። ያላወቁትን በመማርና ለሌላው በመንገር ነው። ናይቲንጌል የሞቱትን ማስነሣት አልቻለችም፤ ከእነርሱ ሞት የተማረችውን ግን ለሚመጡት አስተላለፈች።

አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖሩ። ልጅቱ ባሳየችን መሠረት ከወንድሜ ጋር እየተፈራረቅን ሌሊትም ቀንም እናገላብጣቸው ነበር። ቁስሉ ጠበበ፤ ሳይደርቅ ግን ወደ አኼራ ሄዱ። አንድ ሌሊት እጃቸውን ይዤ «አባባ፣ አውፍ በሉኝ» አልኳቸው። «አውፍ ብዬሃለሁ» አሉኝ፤ «እንዳንተ የማያውቅ ሌላ ልጅ ካለ ግን ንገረው።»

ስለዚህ ነገርኳችሁ። ቤታችሁ የተኛ ሕመምተኛ ካለ ከዱዓችሁና ከፍቅራችሁ ጋር ዕውቀትንም ጨምሩለት፤ የሚያውቁትን ጠይቁ፤ መጠየቅ ለሽማግሌም ለኡስታዝም ነውር አይደለም። ልጃችሁ ነርስ ልሁን ብትልም «ምነው ሌላ ሥራ ጠፋ?» አትበሏት። አንድ ቀን የእናንተን አንሶላ ገልጣ እናንተ ያላያችሁትን የምታይ እርሷ ትሆናለችና።

አላህ ከልብ ርኅራኄ ጋር የሚጠቅም ዕውቀትን ይስጠን። አሚን።