ስለ ስድብና ስለ መናገር ነፃነት

ስድብ ምን እንደ ሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ስድብን ከብልግና ቃል ለይቶ የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ ባደግሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ነውረኛ ቃል ከአፉ የወጣ ልጅ ምሳውን ይከለከል ነበር። ሥርዓቱ አፋችንን አጽድቶልናል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም በማስተማር ባሳለፍሁት ዘመን ሁሉ ካየሁት ስድብ እጅግ የከፋው አንድም ነውረኛ ቃል አልነበረበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጓደኞቹ ጠዋት ጠዋት በትሕትና ቀርበው፥ «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ይሉታል። የሚጠይቁትም በአንቱታ ነው። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥያቄው ግን በየቀኑ ይደገማል። ልጁ በሒሳብ ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ወር ሳይሞላ በክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት ተወ። ጠያቂዎቹን በምን ቃል ልክሰሳቸው? ቃሉ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ አባትየው ሥራ ቤት ወስጄ፥ ማረሻ ሲሠራ ወናፉን በየተራ እንዲያናፉ አደረግሁ። ግማሾቹ ከዚያ ወዲያ ተዉ፤ ግማሾቹ አልተዉም።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፥ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውን፥ ነጋዴውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር፥ ደግሞ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ምክንያታቸውም፥ ሠራተኛው እንዲህ እየተዋረደ ከሄደ አገሩ ባለሙያ የሌለበት ባዶ ይሆናል የሚል ነበር። አስተውሉ፤ «ሸማኔ» የሥራ ስም ነው፤ ዛሬ ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ ብንለው ማንም አይቈጣም። አዋጁ የተነሣው በቃሉ ላይ ሳይሆን በንቀቱ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ብሔርን፥ ሃይማኖትን፥ ዘርን፥ ጾታንና አካል ጉዳትን ይጠራል፤ ምኒልክ የጠበቁት የእጅ ሥራ ግን በዝርዝሩ የለም።

ወጣቶች ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ንጉሥ «የሰደበው እኔን ነው» ብሎ ሸማኔውን ሲከልል መልካም ነው፤ ሹም ይህንኑ ነገር ለራሱ ሲያደርገው ግን ተግሣጽ ሁሉ ስድብ ይባላል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነፃነትን በሕግ መሠረት ሰጥቶ ነበር፤ ሳንሱርን በግልጽ የከለከለው ግን በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያጸናል፤ በዚያው አንቀጽ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርን በሕግ ይከለክላል። ክብር የተባለው ግን የሰውነት ክብር እንጂ የወንበር ክብር አይመስለኝም።

ግብር ሰብሳቢውን ተበሳጭቶ «ሌባ» ያለ ገበሬ ባለጌ ሊባል ይችላል፤ እኔም በፊቴ ቢለው እገሥጸው ይሆናል። ነገር ግን አፍ የሚዘጋ ስድብ አልተሳደበም። ግብር ሰብሳቢው ማኅተም አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ዘበኛ አለው፤ ሌባ አለመሆኑንም መዝገቡን ገልጦ ሊያሳይ ይችላል። አልገልጥም ያለ እንደ ሆነ ምናልባት ገበሬው ያወቀው ነገር አለ።