ስለ ባዶ መድኃኒት

ሐኪም በሽተኛውን ለማጽናናት ሲል ምንም ኃይል የሌለውን እንክብል «መድኃኒት ነው» ብሎ ቢሰጠው፥ ምሕረት ማድረጉ ነውን ወይስ ሐሰት መናገሩ? ጥያቄው የቆየ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚደንት ቶማስ ጀፈርሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1807 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፥ አንድ ሐኪም ከሌላው መድኃኒት ሁሉ ይልቅ የዳቦ እንክብልና ቀለም የገባበት ውሃ አብዝቶ እንደሚሰጥ ነግሮት እንደ ነበር ገልጾ፥ ነገሩን ለበጎ የተደረገ ማታለል አድርጎ ቈጥሮታል።

ምዕራባውያን ይህን ባዶ መድኃኒት «ፕላሴቦ» ይሉታል። ቃሉ በላቲን «ደስ አሰኛለሁ» ማለት ሲሆን የተወሰደውም የሮማ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሙታን ከምትደግመው ከ114ኛው መዝሙረ ዳዊት ነው። ዳዊት ግን ደስ ሊያሰኝ የወደደው እግዚአብሔርን ነበር፤ ቃሉ ወደ መድኃኒት ቤት ሲወርድ የሚደሰተው ተለወጠ።

በሽተኞቹስ ምን ይላሉ? በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ካሊፎርኒያ 853 ታካሚዎች ተጠይቀው ነበር። ፈጽሞ አይገባም ያሉት ከመቶ 22 ያህል ብቻ ናቸው፤ የሚበዙት እንደ ሁኔታው ይፈቀዳል ብለዋል። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ሐኪሙ እውነቱን እንዲገልጥላቸው ይሻሉ፤ ተሸሽጎ የተሰጠ እንደ ሆነ መተማመንን ያፈርሳል ብለው ይሠጋሉ።

«እውነቱ ከተነገረማ ባዶው መድኃኒት ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። በ2010 ዓ.ም. የሐርቫርድ ሊቃውንት የአንጀት ሕመም ያለባቸውን 80 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን እንክብሉ መድኃኒት የሌለበት መሆኑን፥ ሆኖም ሊረዳ እንደሚችል አስረድተው ሰጡ። በሦስት ሳምንት ከእነዚህ መካከል ከመቶ 59፥ እንክብል ካልተሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 35 ሕመማችን ቀለለልን አሉ። ይህ ሕመምን ማስታገሥ ነው እንጂ ነቀርሳን ማጥፋት አይደለም፤ ከዚህ አልፎ የሚናገር ቢኖር አይሰማ።

ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አስቀድሞ ሞቱን ሳይሸሽግ ነገረው። ንጉሡ አልቅሶ ከጸለየ በኋላም የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ ያዘዘው ያው ነቢይ ነው። ማጽናናቱ የወጣው መራራውን እውነት ከተናገረው አፍ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለካህናትም ሩቅ አይደለም። ቤተ ዘመድ የሐኪሙን ቃል ሸሽገው «አባታችን፥ እባክዎ እንዳይነግሩት» ብለው የንስሓ አባትን ይለምናሉ። የሚለምኑት ከፍቅር የተነሣ ነው። ነገር ግን ሰውየው ንስሓ የሚገባበት፥ ሥጋውንና ደሙን የሚቀበልበት፥ ከተጣላው የሚታረቅበት፥ ለልጆቹ የሚናዘዝበት ቀን በዚያው ያልፍበታል። ጨክኖ በድንገት መናገርም አይገባም። «ልጄ፥ ስለ ሕመምህ ሁሉን ልትሰማ ትወዳለህን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም በሽተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ዐውቆት፥ የሚያነጋግረው ሰው አጥቶ ይገኛል።