ዘር ከልጓም ይስባል፤ እስከ ምን ድረስ?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አበው። ስለ ጀግና ልጅ ሲነገር ምርቃት ነው፤ ስለ ፈሪ ሲነገር ግን ፍርድ ይሆናል። «ምን ያድርግ፣ በዘሩ ነው» ስንል ለሰውየው እያዘንንለት ነው ወይስ በሩን እየዘጋንበት?

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ሰዎች ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድመን ልንጠይቅ በተገባን ነበር። የአለርት ሆስፒታል ጎረቤቶች ነንና። የሥጋ ደዌ «የዘር በሽታ ነው» እየተባለ ስንቱ ትዳር እንደቀረ፣ ስንቱ ቤተሰብ እንደተገለለ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያውቁታል። በአውሮፓም ስመ ጥር ሐኪሞች እንዲሁ ያምኑ ነበር። ኖርዌጂያዊው አርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ባክቴሪያ ሲያገኝ፣ «ዘር ነው» ይሉ ከነበሩት አንዱ የገዛ አማቱ ዳንኤልሰን ነበር። ዛሬ በአለርት ግቢ በሐንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም አለ። የኋላ ጥናቶች ደግሞ ባክቴሪያው ካገኛቸው መካከል ማን እንደሚታመም በመወሰን ረገድ ጂንም ድርሻ እንዳለው አሳዩ። እንግዲህ ዘር አለበት፤ ዘር ብቻ ግን አይደለም።

የሥጋው ነገር እንዲህ ከሆነ የነፍሱስ? ፍርሃት በዘር ይወርዳልን?

ሳይንስ ይህን የጠየቀው አይጥን ነው። ከወለል ከፍ ያለ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ይሠራል፤ ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጥ ገላጣ ቦታ ያሰጋታል፤ አዲስ ቦታ ማሰስ ደግሞ ትወዳለች። ስለዚህ በገላጣው ላይ የቆየችበት ጊዜ የስጋቷ መለኪያ ይሆናል። ወንድምና እህት ከሃያ ትውልድ በላይ እየተዳቀሉ እንደ መንትያ የተመሳሰሉ ዝርያዎች አሉ። ከነዚህም «ባልብ ሲ» የሚባለው ነጭ ዝርያ «ሲ 57 ብላክ 6» ከሚባለው ጥቁር ይልቅ ፈሪ ሆኖ በብዙ ሙከራ ተገኝቷል። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የሴሮቶኒን ተቀባይ ጂን የጎደላቸው አይጦች ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ሲሰጉ ታዩ። አበው በከንቱ አልተናገሩም።

ነገር ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ሦስት የአሜሪካና የካናዳ ቤተ ሙከራዎች ዝርያውን፣ መሣሪያውን፣ ዕድሜውን፣ ሰዓቱን ሳይቀር አንድ አድርገው ሞከሩ። ያም ሆኖ በመስቀሉ ላይ የታየው ፍርሃት ከቤት ቤት ተለያየ። አንድ ሊሆኑ ካልቻሉት ነገሮች አንዱ አይጧን የሚያነሳት ሰው ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል የተደረገ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ገለጠው፤ በጅራቷ የምትነሳ አይጥ በመዳፍ ታቅፋ ከምትነሳው ይልቅ ፈሪ ትሆናለች። ዝርያው አንድ፣ እጁ ሌላ!

እርጅናስ? የቤተ ሙከራ አይጥ ሁለት ዓመት ሲሞላት አሮጊት ናት። ዕድሜ ፍርሃቷን ይጨምር እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ዝርያዋና እንደ ፈተናው ይለያያል። ከዚህም በላይ ያረጀች አይጥ እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል፤ ወደ ገላጣው ያልወጣችው ፈርታ ይሁን ደክማ ለመለየት ጠንቃቃ ተመራማሪ ጠቅላላ እርምጃዋን ይቆጥራል።

ይህ ጥንቃቄ ለሰውም በተደረገ! አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በጎልማሳነታቸው ከመርካቶ ኮልፌ በሌሊት ብቻቸውን በእግር ይመጡ ነበር፤ ዛሬ ከግቢ አይወጡም። ገሚሱ ዘመድ «የእናታቸው ዘር ነው» ይላል፤ ገሚሱ «እርጅና ነው» ብሎ ይደመድማል። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። «የቦዩ ጠርዝ አይታየኝም፣ ልጄ፤ ዐይኔ ደክሟል» አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩና እስከ አጣና ተራ ደርሰን ተመለስን።

ታዲያ ፍርሃት ከዘርና ከዕድሜ ከመጣ ማንም ለሥራው አይጠየቅ ማለት ነው? አይደለም። መስጋት አንድ ነገር ነው፤ ራስን ለማዳን ሌላውን አሳልፎ መስጠት ሌላ ነገር ነው። የምንጠየቀው ለሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ግን ጀግናው የሚታበይበት፣ ፈሪውም የሚያፍርበት ብዙ ምክንያት የለም፤ ሁለቱም ሳይመርጡ የተቀበሉት አለና።

«በዘሩ ነው»፣ «በእርጅናው ነው» የሚሉት ቃላት እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ጥፋቱ የሚጀምረው ጥያቄ ማቆሚያ ስናደርጋቸው ነው። ያን ጊዜ ሰውን በጅራቱ አንሥተን፣ ሲንቀጠቀጥ ስናየው «አላልኳችሁም?» እንላለን። ዘሩን መለወጥ አንችልም፤ ዕድሜውንም መመለስ አንችልም። የምናነሳበት እጅ ግን የራሳችን ነው።