የማይጎድል ስጦታ

በዋግ ኽምራ ደጋ ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ የምድጃዋ እሳት የጠፋባት እናት ከጎረቤቷ እሳት ትጭር ነበር። ሰጪዋ ፍም ብታካፍል የራሷ ምድጃ አይበርድባትም።

ዛሬ በከተሞቻችን በአንዳንድ ቤቶች የሚገኘው ኢንተርኔት ይህን እሳት ይመስላል። በዚህ መስመር ስልክ ሲደወል ድምፃችን በጥቃቅን የመረጃ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዝና በወዲያኛው ጫፍ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። በመደበኛው ስልክ ወደ ውጭ አገር የሚደውል ሰው እንደ ደቂቃው ብዛት ይከፍላል። ያልተገደበ የቤት ኢንተርኔት ያለው ግን የወሩን ክፍያ ከከፈለ በኋላ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ቢደውል ሒሳቡ አይጨምርም።

እንግዲህ ልጇ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደችባት ጎረቤታችን በመስመራችን ለመደወል ብትጠይቀን፣ መፍቀዳችን ችሮታ ነው ወይስ ግዴታ? «የከፈልሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ያለንን ለሌላው ለመንፈግ የምናቀርበው ዋናው ምክንያት «ለእኔ ይጎድልብኛል» የሚል ነው። የማይጎድል ከሆነ መንፈጋችን በምን ይጸድቃል?

የድምፅን ዋጋ የዋግ ሰው በመከራ ተምሮታል። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ በደረሰ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ፣ ብዙ ቤተሰብ የወገኑን መኖርና መሞት ሳያውቅ ሰነበተ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ደኅና ነኝ» የሚል ቃል መስማት ለእናት ከእህል አያንስም።

ይሁን እንጂ ስጦታው ከእኛ ምንም አይጠይቅም ማለት አይደለም። እናቲቱ ስታለቅስ ከክፍሉ ወጣ ማለት፣ ሳናስበው የሰማነውን ለሌላ አለማውራት፣ ውለታችንንም አለመቍጠር ይጠበቅብናል። በእኛ ፊት የልጇን ችግር ለመጠየቅ ከተሳቀቀች፣ መስመሩን ሰጥተን ጭውውቱን ነፍገናታል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። ዛሬ የቅርቡ ጎረቤት ወደ ሩቁ ዘመድ የሚያደርስ መንገድ ሊሆን ይችላል። በራችንን ለማንኳኳት ያፈረች እናት በአጠገባችን ካለች፣ እስክትለምነን ሳንጠብቅ እንጥራት።