ማኅተም አለበት

አንዲት ጎረቤት አሉን፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ስለሆኑ ወረቀት ሲመጣባቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ደብዳቤ አያቅተውም ብለው ይመስለኛል። (ቢያውቁ!)

ባለፈው ዓመት ባለይዞታዎች በሦስት ቀን ውስጥ ሰነዳቸውን ይዘው እንዲቀርቡ የሚያዝ ደብዳቤ በቴሌግራም ደረሰኝ። አርማ፣ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም... ምን ቀረው? «ይሂዱ እማማ፣ ማኅተም አለበት» አልኳቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተው ሄዱ። ጥበቃው ሥቆ መለሳቸው። ማታ ያው ደብዳቤ «ሐሰት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተጋድሞበት መጣ።

ከወር በኋላ ሌላ መጣ። አሁንማ ብልጥ ሆኛለሁ። «ይተዉት፣ ይኼም የዚያው ወንድም ነው» አልኩ። እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ቀኑ አለፈባቸው፣ ቅጣት ከፈሉ። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ከሁለቱ ጥፋቶቼ የቱ ይብሳል? አንዴ በማመን፣ አንዴ በመጠርጠር በደልኳቸው። ዘንድሮ ሁሉም «ተጠራጠሩ» ይለናል። እኔ ግን ሁለተኛውን ጊዜ ስጠራጠር ምንም አልመረመርኩም፤ ሰነፍኩ እንጂ። መስነፌን ንቃት አልኩት።

የእኔ ጥፋት በአንዲት እናት ላይ ቆመ። አገር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ጋቦን አይታዋለች። ፕሬዚዳንት አሊ ቦንጎ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ታመሙ። ቤተ መንግሥቱ መጀመሪያ «ድካም ነው» አለ፤ ስትሮክ መሆኑ የተነገረው ከሳምንታት በኋላ ነው። ለፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ንግግራቸው በቪዲዮ ወጣ። ፊታቸው ደረቅ፣ ዓይናቸው እንደ ልብ የማይርገበገብ ሆኖ ታየ። «ይኼማ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ተባለ። በሳምንቱ፣ በእኛ የገና ዕለት፣ ወታደሮች የመንግሥቱን ሬዲዮ ይዘው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ንግግሩ የሰውየውን አቅም ይበልጥ እንዳጠራጠራቸው ተናገሩ። ሙከራው በሰዓታት ከሸፈ። ቪዲዮውን በኋላ የመረመሩ ባለሙያዎች ሐሰተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አላገኙም። የታመመ ሰው ነበር፤ በቃ።

ሕዝቡን ዓይኑ አታለለው ማለት ይከብደኛል። ሳምንታት ሙሉ «ድካም ነው» ሲባል የከረመ ሰው እውነቱን ሲያሳዩት ቢያመነታ ይፈረድበታል?

መድኃኒት አለ ይሉናል፤ አለም። በዲጂታል ፊርማ መሥሪያ ቤቱ እሱ ብቻ በሚይዘው ምስጢራዊ ቁልፍ ሰነዱን ይፈርማል፤ ማንም ሰው ለሕዝብ በተገለጸው ቁልፍ ያረጋግጣል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ፊርማው አልገጥምም ይላል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣም ሰነባብቷል። ችግሩ፣ እማማ ዘንድ የሚደርሰው የተፈረመው ሰነድ ሳይሆን ፎቶግራፉ መሆኑ ነው። ስክሪንሾት የማኅተሙን ሥዕል ይዞ ይመጣል፤ ፊርማው እዚያው ይቀራል።

ፊርማው አብሮ ቢመጣስ? የውጫሌን ውል እናስታውስ፤ 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። ያንን ውል ማን እንዳዋዋለ፣ ማን እንደተዋዋለ ያከራከረ የለም። የአማርኛው ቅጂ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍን ለፈቃድ ሲተው፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ፊርማ ማን እንደተናገረ ይነግረናል። የተናገረው እውነት መሆኑን የምናውቀው ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ሲናገር ሰምተነው ነው። ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ባለፈው ሳምንት እማማ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይኼስ?» አሉኝ። አርማ፣ ቁጥር፣ ማኅተም። «ቆይ ጠይቄ ልምጣ» ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለም። መስኮት ላይ ያለችውን ሠራተኛ ጠየቅኳት። ስልኩን ተቀብላ ወደላይ ወደታች አደረገችው፣ ማኅተሙን አጉልታ አየችው፣ መለሰችልኝ።

«እኛም በቴሌግራም ነው ያየነው» አለችኝ።